ጥሩንባውን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ

ተናድጃለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ረጋ ያለ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ካለ ገጹን ገልጦ ይለፍ፤ አልቀየመውም። ንዴቴ ከጀመረ ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን ግን አልበረደልኝም። መጀመሪያ የተናደድኩት በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ቀጥሎ በኔትወርክ። ቀጥሎ በነፋስ፤ አዎ፣ በነፋስ። ከሁሉም በላይ ግን የተናደድኩት ይህን ሁሉ ጉድ ባመጣው በአንድ ደደብ ሰውዬ ነው። ሰውዬው እኔ ነኝ።

ስሜን አልነግራችሁም። በጥሩንባ ከተነገረ ወዲህ እኛ መንደር ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያማትባል።

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ሲባል አትደንግጡ። ሥራዬ ስብሰባ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ «ተገለጸ» እና «ተጠቆመ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እያፈራረቅሁ ዜና መጻፍ ነው። ደስ ያለኝ ቀን «ተመላከተ» እጨምራለሁ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ «ሚዲያ፣ ኮሙኒኬሽንና ኢኖቬሽን» የሚባል ጥምር ዲግሪ መኖሩን ሰማሁ። አንድ ጊዜ ተምረህ ሁለት ዲግሪ ትወስዳለህ፤ አንዱን ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱን ከባሕር ማዶ። ትምህርቱ ደግሞ በኢንተርኔት ነው። ሰቆጣ ቁጭ ብዬ! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔም አመለከትኩ። ተቀበሉኝ። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።

እናቴ የምትኖረው ደሃና ነው፤ ከአምደወርቅ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በምታስኬድ መንደር። ሄጄ የምሥራቹን ነገርኳት።

«ሁለት? የመጀመሪያውን ወድቀህ ነው?» አለችኝ።

«አይ እማ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ነው የምማረው።»

«መንታ ነው በለኛ!» አለችና ትንሽ አሰብ አደረገች። «መንታ ክፉ ነው ልጄ። አንዱን ስታጠባ አንዱ ያለቅሳል።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሁለት ዓመት ያነበብኩት የመገናኛ ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ቢጨመቅ ይህቺን አንዲት አባባል አያህልም። የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ማህተም ይወዳል። ያለ ማህተም ሰላምታ አይቀበልም። የባሕር ማዶው ደግሞ ማህተም ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ብልክለት «ሰነዱ ላይ ሰማያዊ ቆሻሻ ስላለ አጽድተህ በድጋሚ ላክ» አለኝ። አንደኛው የሚቆጥረው በእኛ ዘመን ነው፣ ሌላኛው በእነሱ። የልደት ዘመኔን ሁለቱም ዘንድ ብሞላ ከራሴ በሰባት ዓመት ተበላልጬ ተገኘሁ፤ ታላቅየው እኔ ልሁን ታናሽየው በጽሑፍ እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። አንዱ ሰማንያ ገጽ ጥናት አምጣ ይላል። አንዱ ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በቃኝ፣ አንድ ሰከንድ ብታልፍ ግን አልቀበልም ይላል። በዚህ ላይ ሰቆጣ ነው ያለሁት። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት አንድ ቤት አብረው አይገቡም።

እንዲህ እየተቃጠልኩ የመጨረሻው ሥራ ደረሰ። «ከአካባቢህ አንድ የመገናኛ ችግር ፈልግና በኢኖቬሽን ፍታ» ተባልኩ።

እዚህ ላይ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? «እኛ ጋ የመገናኛ ችግር የለም፣ ችግሩ እናንተ ናችሁ» ብዬ ብጽፍስ? አላደረግሁትም። አስቤ አስቤ፣ ሁልጊዜ በደንብ ሲሠራ የኖረውን አንድ ነገር መርጬ ችግር ነው አልኩ። የእድራችንን ጥሩንባ።

የመንደራችን ጥሩንባ ነፊ አያ ኪሮስ ይባላሉ። ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ክረምት ከበጋ አንድ ያረጀ የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ። ሰው ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለችው ጉብታ ላይ ይወጡና ሦስት ጊዜ ይነፋሉ፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ፣ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ማዶ ያለውም ወዲህ ያለውም ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ወንዱ አካፋና ዶማውን፣ ሴቱ ያለውን እህል ይዞ። ሟቹ በዚያው ቀን ይቀበራል። አያ ኪሮስ ታዲያ አስከሬኑን በዓይናቸው ሳያዩ ነፍተው አያውቁም። አንድ ጊዜ አንድ ሀብታም ሲያጣጥር ዘመዶቹ «አልቆለታል፣ ይንፉ» ቢሏቸው፣ ጥሩንባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት ቀን ተቀመጡ። ሰውየው ዳነ። ዛሬም ድረስ በሕይወት አለ፤ አያ ኪሮስን ባየ ቁጥር ግን መንገድ ይቀይራል።

ይህን እያወቅሁ፣ አዎ እያወቅሁ፣ «ዲጂታል ጥሩንባ» የሚል ፕሮጀክት ጻፍኩ። አንድ ቁልፍ ሲነካ ለእድርተኛው ሁሉ በስልክ የድምፅ መልእክት የሚደርስበት ዘዴ ነው። ርዕሱን ሲሰሙ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተስማሙ። «ግሩም! ግን ቪዲዮው የድሮውን ዘዴ በእውነተኛ ድምፁ ያሳይ» አሉኝ። የማስረከቢያው ቀን ቀረበ። በሚኒባስ አምደወርቅ ደርሼ፣ ከዚያ በእግሬ አዝግሜ መንደሬ ገባሁ። ቪዲዮው በዚያ ቀን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልደረሰ ሁለቱም ዲግሪዎች ውሃ በላቸው ማለት ነው።

ቀኑ የአምደወርቅ ገበያ ነበር፤ እናቴ ገበያ ወርዳለች። ሌላው ሰው ገብስ አጨዳ ላይ ነው። አያ ኪሮስ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ሰው ሳይሞት?» አሉኝ።

«ለትምህርት ነው አያ። ለቪዲዮ ብቻ።»

ጥሩንባዋን ከተሰቀለችበት አውርደው በካፖርታቸው እጅጌ ወለወሏት። «ይቺ ዋሽታ አታውቅም» አሉ። «አንድ ቀን የዋሸች ለት ሰው አያምናትም። ሰው ካላመናት ደግሞ የሞተ ሰው ቤት ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል፤ የሚቀብረው ያጣል። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

አልገባኝም ነበር።

ብቻ ተስማማን። ጨርቅ ወተፉባት፤ ድምፅዋ እንዳይሰማ። ጉብታዋ ላይ ወጣን፣ ስልኬን ደቀንኩ፣ ነፉ። የወጣው ድምፅ ደረቅ ቆዳ መሬት ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነው። እኔ የማን ተማሪ ነኝ? ስለ ድምፅ ጥራት አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ! «አያ፣ ይሄ አይሆንም፣ ጨርቁን እናውጣው» አልኩ።

«ነፋሱ ወደ ማዶ ነው።»

«አንዴ ብቻ።»

ጨርቁን በእጄ መዝዤ አወጣሁት። ልብ በሉ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ከዚያ ደግሞ የስም ጉዳይ መጣ። ያለ ስም አይነፋም አሉ። የሕያው ሰው ስም ደግሞ አልጠራም አሉ። የሞተ ሰው ስም ይጥሩ ብላቸው «አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ልገድለው ነው?» ብለው ተቆጡ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ንዴቴ ጫፍ ደርሷል። «እንግዲያው የእኔን ስም ይጥሩ!» አልኳቸው።

አያ ኪሮስ ጥሩንባዋን ዝቅ አደረጉ።

«እናትህ ታውቃለች?»

«ገበያ ናት፤ አትሰማም።»

«እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ሁለት ዲግሪ የምትማር ሰው ነህ። ጣጣ አያመጣም ካልክ አንተ ታውቃለህ። የተማረ ይግደለኝ።»

ከዚያ ጉንጫቸውን ነፍተው ሦስት ጊዜ አስተጋቧት። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!» ብለው የአባቴንና የእኔን ስም ጠርተው «አርፏል!» አሉ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ በዕድሜዬ ቀርጬ አላውቅም። «በጣም አሪፍ ነው አያ!» አልኩና ስልኬን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ።

የሮጥኩት ወደ ኔትወርክ ነው። እኛ ጋ ኔትወርክ ያለው ከመንደሩ በላይ፣ ሩብ ሰዓት ዳገት ካስወጣ በኋላ፣ አንድ ቋጥኝ ላይ ነው። ቋጥኙ ላይ ደግሞ የትም ቦታ አይደለም፤ በስተ ምሥራቅ በኩል ባለችው ጫፍ ላይ ቆመህ፣ ስልክህን ወደ ሰማይ ዘርግተህ ነው። እንደ ጸሎተኛ እጄን ዘርግቼ ቪዲዮውን መላክ ጀመርኩ። ሦስት ፐርሰንት። አራት ፐርሰንት። ክንዴ ዛለ። አምስት።

ሰባት ላይ ስደርስ ቁልቁል አየሁ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ከማዶ መንደር ሰው በአቋራጭ እየወረደ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እንግዲህ የእኔን ጭንቅላት ተመልከቱት። ምን አልኩ መሰላችሁ? «ወይኔ፣ ሰው ሞቷል! ማን ይሆን ምስኪን?» አልኩ። ከንፈሬን መጠጥኩ። «ነፍስ ይማር» አልኩ፤ በራሴ አፍ፣ ለራሴ። ጥሩንባው ለቪዲዮ የተነፋ ስለሆነ ቪዲዮው ውስጥ የቀረ መስሎኛል። ሁለት ዲግሪ የሚማር ጭንቅላት እንዲህ ነው የሚያስበው። አሥራ ሁለት ፐርሰንት።

ትንሽ ቆይቶ ጥሩንባዋ እንደገና ተነፋች። «ሁለተኛ ሰው! ምን ዓይነት ቀን ነው!» ብዬ አማተብኩ።

በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ኪሮስ ከጉብታው ሳይወርዱ የመጀመሪያዋ ጎረቤት እየጮኸች ስትሮጥ አዩ። መጀመሪያ በእጃቸው ሊያስቆሙ ሞከሩ፤ ሰው ሲበዛ ግን ልመልሳቸው ብለው ደንግጠው እንደገና ነፉ። ግን በእኛ አገር ጥሩንባ ሰው ይጠራል እንጂ ሰው አይመልስም። «ተሳስቼ ነው» የሚባልበት አነፋፍ የለም፤ አስፈልጎ አያውቅማ! ጥሩንባ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከተነፋ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያው ቤት ሁለተኛ ሰው ሞቷል። አያ ኪሮስ «ውሸት ነው!» ብለው ጮኸዋል፤ ነፋሱ ጩኸታቸውን ትቶ ጥሩንባውን ብቻ ወሰደ። ማዶ ያለው ሰው «እናቲቱ ናታ! ልቧ ቀጥ ብሎ ነው፣ ምን ታድርግ፣ አንድ ልጇ!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። የእኔ ቪዲዮ ሃያ ፐርሰንት ሳይደርስ የሁለታችንም ሞት አምደወርቅ ገበያ ደርሶ ነበር። ያለ መብራት፣ ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ኢኖቬሽን።

አርባ ሰባት ፐርሰንት ላይ የስልኬ ባትሪ አለቀ።

የጮህኩትን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። ቋጥኙን በእርግጫ መታሁት፤ ቋጥኙ ምንም አልሆነም። እያነከስኩ ወረድኩ። መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ በኩል ነውና ሁለት ሰዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ አገኘሁ። አንደኛው ብርሃኑ ነው፤ ማዶ የሚኖር፣ የመንደሩ ዋና ቆፋሪ። ወገቡ ድረስ ገብቷል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

«እግዚአብሔር ያጽና። ለማን ነው?» አልኩት።

«ለዚያ ለሁለት ዲግሪው» አለ ሳይዞር። «እናቱም አለች፤ የእሷን ገና አልጀመርንም።»

ከዚያ ዞረ። ሁለተኛው ሰው አጥሩን ዘሎ ጠፋ። ብርሃኑ ግን መሸሻ የለውም፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ «በስመ አብ!» እያለ አፈር በአካፋ ይረጭብኝ ጀመር። «እኔ ነኝ! አልሞትኩም!» ብል አይሰማም። አፌ ውስጥ የራሴ መቃብር አፈር ገባ። ይህን ለስንት ሰው እላለሁ? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ጨው ጨው ይላል።

ወደ ቤታችን ሮጥኩ። ግቢው ሞልቷል። እትዬ ለምለም መሐል ላይ ቆመዋል። እትዬ ለምለም የአገሩ አልቃሽ ናቸው፤ እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሰው ሞተ አይባልም። ልገባ ስል ስሜን ሰማሁና ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን ለመስማት ይጓጓል።

«ሁለት ዲግሪ ሊይዝ ሰቆጣ የሄደው፣
አንዱንም ሳይጨብጥ አፈር ወሰደው።»

ሴቶቹ ደረታቸውን ደለቁ። እኔ አጥሩን ጨበጥኩት። አንዱንም ሳይጨብጥ! እሳቸው ግን ቀጠሉ፦

«ሚስት አግባ ስንለው ላፕቶፕ ያቀፈ፣
ወግ ማዕረግ ሳያይ እንዲሁ አለፈ።»

«ደግ ልጅ ነበር» አለ አንድ ሰው። «እሱስ አዎ» አለ ሌላው፤ «ለቦይ ቁፋሮው ሥራ ግን አልመጣም።» ይህን ጊዜ አልቻልኩም። «ሰቆጣ ስብሰባ ነበረብኝ!» ብዬ ጮኼ ገባሁ።

የሆነውን አታስነግሩኝ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ የንፍሮ ማሰሮ ተሰበረ። የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «ማን ነህ? በስሙ ተናገር!» አሉ። ያልደነገጡት እትዬ ለምለም ብቻ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወገባቸውን ያዙ።

«አልሞትክም?»

«አልሞትኩም እትዬ።»

«እና ድምፄን በከንቱ ነው ያስጨረስከኝ?» አሉ። «ያን የመሰለ ግጥም! ከእንግዲህ ስትሞት ሌላ አልገጥምልህም፤ ያንኑ ነው የምደግምልህ!»

እናቴ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ አንዲት ሴት አግኝታት፣ የተሸከመችውን ጥላ «አንቺማ ሞተሻል!» ብላ ጮኻባታለች። የእኔንም የነገረቻት እሷው ናት። እናቴ በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «የእኔ ውሸት ከሆነ የእሱም ውሸት ነው ብዬ ልቤን አሳመንኩት። ጉልበቴ ግን አላምን አለኝ፤ ሦስት ቦታ ተቀመጥኩ።» ግቢ ስትገባ ሰው መንገድ ለቀቀላት። መጥታ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች፣ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ጆሮዬን ሳይቀር ነካች። ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ። ቀጥላም በኽምጣንጋ ሰደበችኝ። እናቴ አማርኛዋን ትታ ኽምጣንጋ ከገባች ነገሩ ከሽማግሌ አቅም በላይ ነው ማለት ነው። ስድቡን ሁሉ ገብቶኛል፤ አልተረጉመውም።

ሰው አንዴ ተሰብስቧል፤ ለቅሶ የመጣ ንፍሮም አይመለስም። የተረፈውን ንፍሮ እየበላን እድሩ ስብሰባ ተቀመጠ። እኔም የራሴን ንፍሮ በላሁ። በመሐሉ አያ ኪሮስ መጡ። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ጥሩንባዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ናቸውና እግራቸው ሥር አስቀመጡላቸው።

«በዓይኔ ሳላይ ነፋሁ» አሉ። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

እኔ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ሲገባኝ ንፍሮዬን ማኘኬን ቀጠልኩ። መሪጌታ ጥሩንባዋን አንስተው መልሰው ሰጧቸው። «ሌላ ሰው የለንም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን ስማ። የተቆፈረውን ጉድጓድ ራስህ ትደፍናለህ። ሁለተኛ፣ ይቺ ጥሩንባ ስትነፋ ሰው ካልመጣ፣ አንተ ቤት ለቤት እየዞርክ ትጠራለህ። በእግርህ።»

ሳልከራከር ጉድጓዱን ደፈንኩ። ሰው የራሱን መቃብር ሲደፍን ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ? እኔ ያሰብኩት ስለ ማስረከቢያው ሰዓት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ እኔ ሞኝም ነኝ፣ የያዝኩትም ወረቀት ነው።

ቪዲዮውን በማግስቱ ከሰቆጣ ላክሁት። የዘገየሁበትን ምክንያት፣ የለቀስተኛውን ብዛት ሳይቀር፣ ጽፌላቸው ከብዙ ልመና በኋላ መዘግየቴን ይቅር አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ «ጥሩንባው መልእክቱን ካሰብከው በላይ በፍጥነት አዳርሷል፤ ስለዚህ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ በማህተም በተደገፈ ደብዳቤ አስረዳ» ይላል። የባሕር ማዶው ደግሞ ቪዲዮውን ወዶታል። ለቅሶ የመጣውን ሰው ብዛት «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ብሎ አሞግሶኛል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ስሙ የተጠራው ሟች ፈቃዱን የሰጠበት ቅጽ። ሟቹ እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። «እንግዲያው የቅርብ ቤተሰብ ይፈርምለት» አሉኝ። እናቴ እንዳለችው ነው፤ አንዱን ሳጠባ አንዱ ያለቅሳል።

እናቴን ለማስፈረም ወደ መንደር ሄድኩ። ጥሩንባዋ ከዋሸችበት ቀን ወዲህ ሦስት ወር ሆኖ ነበር። ቅጹን ይዤ፣ «እማ፣ እዚህ ጋ ጣትሽን አሳርፊ» እያልኩ፣ እሷም «በቁምህ ልፈርምልህ?» እያለች ስንጨቃጨቅ ጥሩንባው ተነፋ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ የአያ ኪሮስ ድምፅ መጣ።

እትዬ ለምለም ናቸው።

እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወጣች። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ከእናቴ በስተቀር ሰው የለም። ማዶ አንድ ሰው በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፤ ጥሩንባውን ሰምቷል፣ ቀና ብሎ አይቷል፣ ደግሞ አጎንብሶ ቀጥሏል። አያ ኪሮስ ጉብታው ላይ ቆመዋል። እንደገና መንፋት አይችሉም። እንደገና ከነፉ ሁለተኛ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ጥሩንባዋን ይዘው ዝም ብለው ቆመዋል፤ የሚመጣ ሰው ይጠብቃሉ።

ሮጥኩ።

የመጀመሪያው ቤት ያሉት ሲያዩኝ ሳቁ። «ዛሬስ ለስንተኛው ዲግሪ ነው?» አሉኝ። ማልኩላቸው። ሁለተኛው ቤት በሩን እንኳን አልከፈቱም። ሦስተኛው ቤት ያለችው ሴትዮ «ቪዲዮ የሚያነሳው የት ተደብቆ ነው?» ብላ ከጀርባዬ አየች። በታቦት ማልኩ፣ በእናቴ ማልኩ፣ በአባቴ አጥንት ማልኩ። አንዳንዱ እያመነታ ተነሳ። አንዳንዱ «ሂድ፣ እንመጣለን» አለኝ፤ እንደማይመጣ ዓይኑ ይናገራል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ ነው። በንዴት ጥርሴን እያፋጨሁ እሮጣለሁ፤ በማን ልናደድ? በእነሱ? እነሱ ምን አጠፉ?

ወንዙን ተሻግሬ የሚያርሰው ሰው ዘንድ ደረስኩ። ብርሃኑ ነው። የእኔን ጉድጓድ የቆፈረው።

«እትዬ ለምለም አርፈዋል» አልኩት።

ሞፈሩን ተደግፎ አየኝ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ባለፈውም እውነት ነበር። ወገቤ ድረስ ገብቼ ነበር።»

«ዛሬ እውነት ነው ብርሃኑ።»

«በምን አውቃለሁ?»

አፌን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት መገናኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ታማኝነት አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። አንድ ቃል አጣሁ። እትዬ ለምለም ለአገሩ ሰው ሁሉ አልቅሰዋል፤ በቁሜ ለእኔ እንኳን አልቅሰዋል። አሁን ለእሳቸው የሚያለቅስ የለም፤ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ልነግረው ስል ዕንባዬ ቀደመኝ። እርሻው መሐል ቆሜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ብርሃኑ በሬዎቹን ፈታ፤ ከዋርካው ሥር ሁለት አካፋ አነሳና አንዱን ሰጠኝ።

«ጉድጓዱን ግን የምትጀምረው አንተ ነህ» አለኝ።

ጀመርኩ።